የቀኛዝማች በቅሎ እና የአገሬው ወፍ

የቀኛዝማች ወንድይራድ በቅሎ ከነኮርቻዋ ከጋጣ ተሰረቀች። እሳቸውም አውጫጭኝ ብለው አገሬውን በሙሉ በረት ውስጥ አጎሩት። በአውጫጭኝ ደንብ ሌባውን የሚያውቅ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ለሽማግሎቹ ሹክ ይላል፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። ፀሐዩ አናት ሲበሳ ዋለ፤ ሹክ የሚል ግን ጠፋ።

ቀኛዝማች አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ፈገግ ስትል አዩና፣ «አንቺ! ምን ያስቅሻል? የዚህ አገር ወፍ ዛሬ አፏን ምን ዘጋው?» ብለው ተቆጡ።

ባልቴቲቱ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

«ኧረ ጌታዬ፣ ወፏ ምን አጠፋች? አምና የኔ በሬ ሲሰረቅ የሌባውን ስም ነግራዎት ነበር። እርስዎ ሰውየውን ወስደው የጋጣዎ ዘበኛ አደረጉት።»