የጋሽ ውብሸት ኩላሊት

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ደሴ ውስጥ ጋሽ ውብሸት የሚባሉ ሥጋ ሻጭ ነበሩ። ኩላሊት ሸጠው አያውቁም፤ ለወደዱት ሰው በነፃ ይሰጣሉ። አንዱን ኩላሊት ለሁለት ሰው ማካፈል ግን በእሳቸው ቤት ነውር ነው። ሦስቱንም ልጆቻቸውን አስተምረው ሐኪም አደረጉ።

አንድ ቀን ጎናቸውን አመማቸው። በአልትራሳውንድ ሲታዩ ግራ ኩላሊታቸው ከድሮም የደከመ ነው፤ በደህናው በቀኙ ላይ ደግሞ ውሃ የቋጠረ እባጭ ተገኘ። ጋሽ ውብሸት ሳቁ።

«በግ ላይ ስንቱን በቢላ ጫፍ አፍርጬዋለሁ። ውሃ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያለ እባጭ አብዛኛው ውሃ ብቻ ነው፣ ማንንም አይጎዳም።

የራጅ ሐኪሟ ትልቋ ልጃቸው ሐመልማል ግን ፈራች። በደም ሥራቸው ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት አሰጥታ ሲቲ ስካን አስነሳቻቸው። እባጩን ከውስጥ የሚከፋፍሉት ግድግዳዎች ወፍረዋል፤ መድኃኒቱንም ስበዋል።

«አባዬ፣ ውሃ መድኃኒት አይስብም። ይሄ ሥጋ አለው፤ ይውጣ» አለች። አባቷ አኮረፉ። እሷም እሺ እስኪሉ ድረስ ንቅንቅ አላለችም።

ወንድሟ ልዑልሰገድ ቀዶ ሐኪም ነው። ባልደረቦቹ «ኩላሊቱን ከነእባጩ አውጥተህ ተገላገል» አሉት።

«አባቴ ዕድሜ ልኩን ደሙ በማሽን ይታጠብ?» ብሎ እባጩን ብቻ፣ ከዙሪያው ጥቂት ጨምሮ፣ ሳያፈርጥ ቆርጦ አወጣው። ቢፈርጥ ኖሮ ክፉው ነገር ሆዳቸው ውስጥ ይረጭ ነበር።

ታናሿ ቤዛዊት ናሙና በማይክሮስኮፕ ትመረምራለች። ከወጣው እባጭ መጀመሪያ ያየችው ሁሉ ደህና ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ያቆም ነበር፤ እሷ የቀረውንም እየከተፈች አየች። ግድግዳው ውስጥ ጥቂት የካንሰር ሴሎች አገኘች። ካንሰር የሚለው ቃል ሲሰማ ሐኪሞቹ ደነገጡና «ከቀኙ ኩላሊት የተረፈውም ይውጣ» አሉ።

«አይነካም» አለች ቤዛዊት። «ይሄ ገራሙ ዓይነት ነው፤ የተቆረጠበት ጠርዝም ንጹሕ ነው። በየጊዜው እናየዋለን።» ተከራክራም ረታች።

ጋሽ ውብሸት ሲያገግሙ በግ አረዱ። በአንዱ ኩላሊት ላይ ውሃ የቋጠረች ነገር አዩና ቢላውን እንደያዙ ወደ ሐመልማል ዞሩ።

«ይቺስ?»

«ይቺስ ውሃ ናት አባዬ።»

አፈረጧትና ያንን ኩላሊት ራሳቸው በሉ። ሁለተኛውን ጠብሰው በሳህን አቀረቡ።

«ይሄ ላዳነኝ ልጅ ነው» አሉ። «እኔ ኩላሊት እንደማላካፍል ታውቃላችሁ።»

ሦስቱም እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። ጥብሱ ሳይቀዘቅዝ ፍረዱ እንግዲህ፦ ለማን ይገባል?