በእግሩ የመጣ ደኅና ነው

በሁለት ወንዞች መካከል ባለ አንድ ደን ውስጥ ሁሉም ነገር በሥርዓት ነበር። ከሁሉ በላይ፣ በዐለቱ አናት ላይ፣ አንበሳ ይኖራል። ከዋሻው ጎን ታላቁ የፈውስ ቤት ተሠርቷል። ዐሥራ ሁለት ዝንጀሮዎች ያገለግሉበታል፤ አንዱ መለከት ይነፋል፣ ዐሥራ አንዱ ደግሞ መለከቱ ሲነፋ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ከደኑ የሚሰበሰበው ማርና ጨው ሁሉ ወደዚያ ይወጣል። ማር ለቁስል፣ ጨው ለማጠቢያ ነውና ለፈውስ መዋሉ መልካም ነበር። ችግሩ፣ ቁስለኛው ሁሉ ታች መኖሩ ነው።

ታች በወንዙ መሻገሪያ፣ እትዬ ወደርየለሽ የምትባል ጃርት አንዲት ጎጆ ነበረቻት። በዓመት አንድ ቅል ማርና አንድ እፍኝ ጨው ይደርሳታል። በዚያችው የደኑን ዓይን ታጥባለች፣ እሾህ ትነቅላለች፣ የሳለውን ደረቱን ታዳምጣለች። የዚህን አያት ምን እንደገደለው፣ የዚያች ልጅ መቼ ጥርስ እንዳወጣ ሳትጠየቅ ታውቃለች። «መድኃኒቴ ሁለት ነው» ትላለች፤ «ቶሎ መምጣትና በእግር መምጣት።»

ጋሽ ከርከሮ አንድ ቀን እያለከለከ ደርሶ፣ «እትዬ፣ ልቤ ልትወጣ ነው» አላት።

«ከመብላትህ በፊት ኮረብታውን ሁለት ጊዜ ዙር።»

«ሌላ መድኃኒት የለም?»

«አለ። ሦስት ጊዜ መዞር።»

ዞረ። ስድስት ወር ሳይሞላው ጅራቱን ሽቅብ አቁሞ መሮጥ ጀመረ፤ ዘሩ ሁሉ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የሚሮጠው።

የደኑን ሕግ የሚጽፈው ባሻ ቀበሮ ነበር። ብልህ ነው፣ ያውም ዕድሜ ልኩን ታሞ የማያውቅ። ማርና ጨው በምን ይከፋፈል ሲባል እንዲህ ብሎ ደነገገ፦ «ተሸክመው ያመጡት ሕመምተኛ ነው፤ በእግሩ የመጣ ደኅና ነው። ማርና ጨው በሕመምተኛ ቁጥር ልክ ይሰጣል።» አንበሳው ሰምቶ «ይኼማ ግልጽ ነው» አለ። እሱም ቢሆን በአራት ጎሾች ትከሻ እንጂ በእግሩ ከሄደ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር።

በዚህ ሕግ እትዬ ወደርየለሽ እስካሁን ያከመችው ስንት ነው? አንድም የለም። ቶሎ ስለሚመጡ በእግራቸው ይመጣሉ፣ በእግራቸው ይመለሳሉ። ወደ ላይ የሚሄደው ግን፣ መንገዱ ዳገት ነውና፣ እስኪወድቅ ቆይቶ በቃሬዛ ይወጣል፤ ይቆጠራል፤ ብዙውን ጊዜም እዚያው ይቀበራል። መቀበሩ ከቁጥሩ አያጎድልም።

አንድ ቀን ባሻ ቀበሮ ጠጠር የሞላበት ከረጢቱን አንግቶ ወደ ጎጆዋ ወረደ።

«ወደርየለሽ፣ ጎጆሽ ሥራ ፈታለች።»

«ኧረ ባሻ፣ ከማለዳ ጀምሮ ቁጭ አላልኩም።»

«ምን ስትሠሪ?»

«ሃያ ሦስት ነፍስ ሳክም።»

«በምን መጡ?»

«በእግራቸው።»

«እንግዲያው ሃያ ሦስት ደኅና ነፍስ ስታጫውቺ ነዋ የዋልሽው።»

በዐሥረኛው ቀን ተመልሶ ሊቆጥር እንደሚመጣ፣ ያን ቀን ተሸክመው የሚያመጡት ካልተገኘ ማሩና ጨዉ እንደሚቀር፣ ጎጆዋም እንደምትዘጋ ነገራት። ከዚያ በኋላ እሷ ወደ ላይ ወጥታ መለከት ትወለውላለች።

አራዊቱ በዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። መጀመሪያ ዝሆን ተነሣ። ሲናገር ዝግ ብሎ ነው። «አቤቱታ እናቅርብ» አለ።

«ለማን?» አለችው ጦጣ ከቅርንጫፍ ላይ።

«ሕጉን ለሚጽፈው።»

«በማን ላይ?»

«ሕጉን በሚ...» ዝሆኑ ትንሽ አሰበና ተቀመጠ።

ቀጥላ ሚዳቋ ተነሣች። በጉባኤ ፊት ተናግራ አታውቅም። «እኔ ንግግር አልችልበትም። ባለፈው ክረምት የልጄ ሰኮና ውስጥ እሾህ ገባ። በነጋታው ወደ እትዬ ይዤው መጣሁ፣ ነቀለችለት፣ እየቦረቀ ተመለሰ። በባሻ ቆጠራ ልጄ አልታመመም። እግሩ እስኪበሰብስ ቆይቼ ወደ ላይ ባወጣው ኖሮ በደንብ ይቆጠርልኝ ነበር። እኔ ግን ልጄ እንዲቆጠርልኝ አይደለም የምፈልገው።»

ጦጣ ከቅርንጫፏ ወርዳ ከሚዳቋዋ አጠገብ ተቀመጠች።

እትዬ ወደርየለሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ልባችሁን አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ደኅናውን ታሟል ብዬ ፈጣሪዬን አላስቀይምም። ይህንን እንዳትሉኝ።»

«እትዬ፣ ይፍቀዱልኝ» አለ ጋሽ ከርከሮ ብድግ ብሎ። «ሕጉ ተሸክመው ያመጡት ነው የሚለው። ሊሞት የደረሰ አይልም። መራመድ ያቃተው አይልም። እኔን ከትናንት ጀምሮ ጥርሴን እያመመኝ ነው። አንድ ወዳጄ ቢሸከመኝ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?» ወደ ጉባኤው ዞረ። «ለመሆኑ ከመካከላችን ምንም የማያመው አለ?»

ያለ አልነበረም። ጉንዳን ሳትቀር ወገቤን አለች።

እትዬ ወደርየለሽ፣ «እውነት ያመመው ብቻ» አለች። «ተሸካሚውም ተራው ሲደርስ ይታያል።»

ዐሥረኛው ቀን ደረሰ። ባሻ ቀበሮ ከጎጆዋ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ከረጢቱን ፈትቶ፣ ባዶ መንገድ ለማየት ተዘጋጀ። ከመታጠፊያው ጋ መጀመሪያ የታየው ጋሽ ከርከሮ ነው፤ በሁለት አጋዘኖች ጀርባ ላይ እግሩን ሰቅሎ፣ «ቀስ በሉ፣ ጥርሴ ነው» ይላል። ባሻ አንድ ጠጠር ጣለ። ከከርከሮ ኋላ ጅብ በሦስት የሜዳ አህዮች ተጭኖ መጣ።

«አያ ጅቦ፣ አፍህን ወደ ላይ አድርግልን» ይሉታል አህዮቹ።

«ሆዴን ነው የቆረጠኝ፣ አልራበኝም አልኳችሁ።»

«ይሁን፣ ለማንኛውም ወደ ላይ።»

እትዬ ሆዱን ዳብሳ ምን በልተህ ነው ብትለው፣ ጅብ ተሸካሚዎቹን በጎን አየና አፉን ወደ ላይ አደረገ።

ዝሆንን ሁለት ጉማሬዎች ወንዙን አሻገሩት፤ ውሃው ነው ግማሹን የተሸከመው፣ ግን ስለ ውሃ ሕጉ የሚለው የለም። ቀንድ አውጣና ተሸካሚዋ ዔሊ ከሦስት ቀን በፊት ተነሥተው ልክ በሰዓቱ ደረሱ። እትዬ ያየችው ሁሉ ወርዶ ወደ መታጠፊያው ይሄዳል፣ እዚያ ተሸካሚውን በተራው ይሸከመውና ይመለሳል። ደኑ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ዋለ። አንዱ ሌላውን ይጥላል፣ የወደቀው ይስቃል፣ የጣለውም እየሳቀ መነሣት ያቅተዋል። ለዓመታት ያልተያዩ ጎረቤታሞች በዚያ መንገድ ላይ ታረቁ። እንቅልፍ እምቢ ያለው አሮጌ ዝንጀሮ ስድስተኛ ምልልሱ ላይ፣ ከተሸካሚው ጀርባ ሳይወርድ አንኮራፋ።

ከሰዓት በኋላ የአንበሳው አራት ጎሾች ሁለት ሁለት ሆነው፣ እየተፈራረቁ እየተሸካከሙ መጡ። ትከሻቸው ሰባት ዓመት ሙሉ ተልጦ ሥጋው ይታያል። እትዬ የቀረቻትን ማር ጠርጋ ቀባቻቸው።

«ለሰባት ቀን ምንም ነገር እንዳትሸከሙ።»

«ንጉሡንስ?»

«ምንም ነገር ነው ያልኩት።»

ሲመሽ የባሻ ጠጠር አልቆ በእንቧይ፣ እንቧዩም አልቆ በቅጠል ይቆጥር ነበር። አራት መቶ ዐሥራ ሁለት። ላይኛው ቤት በዓመት የሚቆጠርለት ሠላሳ ነው። ባሻ በገዛ ሕጉ፣ የደኑን ማርና ጨው ለጃርት ሊያስረክብ ነው።

ሲነጋ ወደ ዐለቱ ወጣ። «ጌታዬ፣ የትናንቱ ቆጠራ ተንኮል አለበትና ይሰረዝ» አለ።

አንበሳው ግን የሰማው ቁጥሩን ብቻ ነበር። «አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ወደ እሷ ሄዷል? እኔ ታዲያ ይህን ያበጠ እግር ታቅፌ እዚህ መለከት እሰማለሁ? ተሸካሚዎቼን ጥራልኝ።»

«ታመዋል፣ ጌታዬ።»

«ምን ሆነው?»

ምን እንደሆኑ ባሻ ያውቃል። ግን አንበሳን «አንተ ነህ» ለማለት የሚያስችል ሕግ ገና አልተጻፈም። «ትከሻቸውን» አለ ብቻ።

«ዝንጀሮዎቹ ይሸከሙኛ።»

ዝንጀሮዎቹ ይህን ሲሰሙ መለከቱን ለዐሥራ ሁለት አነሡት፤ ሥራ ላይ መሆናቸው እንዲታይ።

አንበሳው በእግሩ ወረደ። ባሻ ከኋላው ከረጢቱን ይዞ ይከተላል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ንጉሡ ተቀምጦ ተነፈሰ። ሁለተኛው ላይ ቆሞ ተነፈሰ። መንገዱን እሾህ ወርሶታል፤ የማይሄዱበት መንገድ እሾህ እንዳለው ከላይ ሆኖ አይታወቅም። ሦስተኛውን መታጠፊያ ሳያርፍ አለፈው። የአጋም ሽታ ሸተተውና «ይኼ እዚህ ነበር እንዴ?» አለ።

ከጎጆዋ ደጃፍ እንደ ወትሮው ወረፋ አለ። በእግራቸው የመጡ ናቸው። አንበሳውን ሲያዩ ሊሸሹ ተነሡ።

«የት ነው የምትሄዱት?» አለች እትዬ ከውስጥ። «ቀድሞ የመጣ ይቀድማል። ጌታዬ፣ ከሚዳቋዋ ኋላ ይጠብቁ።»

ሚዳቋዋ ዓይኑን ያመመው ግልገሏን ከፊቷ አድርጋ ቆመች። አንበሳው ከኋላዋ ቆመ። በደኑ ታሪክ አንበሳ ከሚዳቋ ኋላ እንዲህ ቆሞ አያውቅም። እሷም ጀርባዋን ሰጥታ እንዲህ ቆማ አታውቅም።

ተራው ሲደርስ እትዬ እግሩን አገላብጣ አየች፣ እሾሁን ነቀለች፣ በጨው ውሃ አጠበችው። «እብጠቱ ካለመራመድ ነው። ዛሬ የመድኃኒቱን ግማሽ በመንገድ ወስደውታል። ነገም በእግርዎ ይምጡ።»

አንበሳው ደስ ብሎት ወደ ቀበሮው ዞረ። «ጻፍ። ንጉሡ ታመመ፣ ታከመ።»

«ጌታዬ፣ በእግርዎ ነው የመጡት። በሕጉ መሠረት ደኅና ነዎት።»

«እኔ ደኅና ነኝ?»

«በሕጉ።»

«ይኼን ሕግ ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው እንዳይፈርስብህ፣ አንተ ተሸከመኝና እስከ መታጠፊያው ወስደህ መልሰኝ። በዚህ ደን ታሞ የማያውቅ አንተ ብቻ ነህ» አለና አንድ እግሩን ጀርባው ላይ ጣለ።

«ሕግ እኮ ይሻሻላል፣ ጌታዬ» አለ ባሻ ጎንበስ ብሎ።

ሁለተኛው እግር ተጨመረ።

«በእግሩ የመጣም ይቆጠራል።»

«ማሩስ?» የሚል ድምፅ ከወረፋው መሐል ተሰማ። ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ማሩም ይወርዳል።»

«ጨውስ?» ይህ ደግሞ ሌላ ድምፅ ነው።

«ጨውም።»

«መንገዱስ?» ይህንን ያለው አንበሳው ራሱ ነበር።

«ይመነጠራል» አለ ባሻ፤ ድምፁ ከሥር ነው የሚመጣው። ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ከርከሮ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ አንበሳውም ሳያስበው ፈገግ አለ።

ሳቁ ጋብ ሲል ሚዳቋዋ ተመልሳ መጣች። የታጠበ ዓይን ያለው ግልገሏ ከጎኗ ነው። ከወረፋው ጀርባ ሆና አልተናገረችም፤ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ጌታዬ፣ አይቆጡኝ፣ እናት ነኝ። ይኼ ሁሉ የተባለው እግርዎ እስኪድን ነው? ወይስ ከዳነም በኋላ?»

አንበሳው እግሮቹን ከቀበሮው ጀርባ አወረደ። የታመመውን እግር ቀስ ብሎ መሬት አስረገጠው፣ ክብደቱን ጣለበት። አላመመውም።

ወረፋው ሁሉ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቅ ነበር።