የትርንጎ ወፍጮ

በእኛ ቆላ ስለ ጊዜ ክርክር ሲነሳ ሽማግሌ የሚጠቅሳት አንዲት አባባል አለች። መነሻዋን ስጠይቅ ኖሬ፣ አምላክ ፈቅዶ አንድ አዛውንት አጫወቱኝ። እንደሰማሁት ላውጋችሁ።

የመስኖ ውኃ በተራ ነው። ተራ የሚያስከብሩት የውኃ አባት ከቦዩ ዳር እንጨት አቁመዋል። የእንጨቱ ጥላ ከቀዩ ድንጋይ ተነሥቶ ጥቁሩ ድንጋይ እስኪደርስ የጠዋቱ ተራ ነው።

አንድ ቀን ሰማዩ ዳመነና ጥላ ጠፋ። የጠዋቱ ባለተራ ባሏ የሞተባት ዘርፌ ነበረች። ቀጣዩ ምንዳዬ ቆሞ ሲጠብቅ ቆየና "ደርሷል" ብሎ ውኃውን ወደ ማሳው መለሰው። የዘርፌ ሽንኩርት ግማሹ ሳይጠጣ ቀረ፤ ሌላ ተራ እስኪደርሳት ደግሞ ደርቆ ያልቃል።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ፤ ሰዉም ገና በጠዋቱ ቦዩ ዳር ተሰበሰበ።

"እግሬ እስኪደነዝዝ ጠብቄያለሁ!" አለ ምንዳዬ።

"ማን አየ?" አሉ የውኃ አባቱ አያ ሽበሺ።

"ትርንጎ ብቻ።" የአራት ዓመት ልጁ ናት።

"ጡት በቅጡ ያልተወች ምስክር!" ብሎ አንዱ አሳቀ።

"ትርንጎዬ፣ የዘርፌ ውኃ ስንት ሰዓት ፈሰሰ?" አሏት አያ ሽበሺ።

"መቶ!"

ሳቁ ባሰ። አያ ሽበሺ ግን አልሳቁም።

"ውኃው ሲፈስ ምን ትሠሪ ነበር?"

"እፈጭ ነበር። አፈር። ውኃው ሲመጣ ጀመርኩ፣ አባዬ ሲዘጋው ተውኩት።"

"እስቲ ትናንት የፈጨሽውን ያህል ፍጪልኝ። ስትተይ 'በቃ' በይኝ።"

ጥላው ቀዩን ድንጋይ ሲለቅ ጀመረች። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አፈሯን በጠጠር ትደቁሳለች፣ እፍ ትላለች፣ ታንጎራጉራለች።

"በቃ!"

ጥላው ገና የመንገዱ እኩሌታ ላይ ነበር።

"አጋጣሚ ነው" አለ ምንዳዬ።

"እንግዲያው ነገም ትፍጭ" አሉ አያ ሽበሺ።

በነጋታው ደግማ ፈጨች። ያቆመችው ከትናንቱ አንድ ጣት ቢበልጥ ነው።

ምንዳዬ ጥላውን አየ፤ ልጁን አየ።

"ቸኩዬ ስጠብቅ ረዝሞብኝ ኖሯል" አለና አካፋውን አንሥቶ ቦዩን ወደ ዘርፌ ማሳ ከፈተው። ውኃው በደረቀው መደብ ውስጥ እየተንሿሿ ገባ።

"አሁንም ልፍጭ?" አለች ትርንጎ።

"ፍጪ የኔ እመቤት" አለች ዘርፌ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ "ዛሬስ እስኪልም ፍጪ!"

አያ ሽበሺም በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ "ልጆቼ፣ ጊዜን ከልጅ እጅ እንጂ ከቸኳይ አፍ አትጠይቁ" አሉ።