ቀንድ አልገዛም ያለችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ የቤት እንስሳት ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ ተሰብስበው በሚያድሩበት ዘመን፣ ቀጋ ሜዳ በሚባል አገር አንዲት ኩሩ አህያ ነበረች። አህያ ደግሞ ምን ኩራት አላት ብላችሁ እንዳትስቁ! አላት እንጂ። ሜዳውን ዙሪያውን የከበበው የእሾህ አጥር በሙሉ በእሷ ጀርባ ተጭኖ የመጣ ነው። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የድርሻውን ግራርና ቀጋ ይቆርጣል፤ እሷ ትሸከማለች፤ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ያጥራል። ጀርባዋ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቶ «ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው?» የሚላት ቢኖር፣ አንገቷን ቀና አድርጋ «ምንም አልሆንኩ፤ አገር አጥሬ ነው» ትለዋለች።

በዚያ ዓመት ደግሞ ውርንጭላ ወለደች። ጆሮው ከፊቱ የሚረዝም፣ እግሩ ገና የሚብረከረክ፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። የእሷ የአጥር ድርሻ በሩ ላይ ስለሆነ ማታ ማታ የበሩን መዝጊያ እሾህ ትስብና ልጇን ከሆዷ ሥር አስተኝታ እፎይ ትላለች።

ከወንዙ ማዶ አያ ጅቦ ይኖር ነበር። አያ ጅቦ እንደምታውቁት ሥጋውን አይምር፣ አጥንቱን አይምር፤ ቀንድ ላይ ሲደርስ ግን ጥርሱ እምቢ ይለዋል። እናም የተረፈውን ቀንድ ሲከምር ሲከምር ኖሮ በመጨረሻ ነጋዴ ሆነ። ቀንድ ላልበቀለባቸው ሁሉ ቀንድ ይሸጣል። በገበያው ሾላ ሥር ማንም ማንን አይነካም የሚል የቆየ ቃል ኪዳን ስላለ፣ ሻጩም ገዢውም ያለ ስጋት ይገናኛል።

ሽማግሌው አንበሳ ሞቶ ልጁ የነገሠ ሰሞን ገበያው ደርቶለት ነበር። «አዲስ ንጉሥ፣ አዲስ ጥርስ!» እያለ ያልፈራ፣ ያልገዛ አልነበረም። ወጣቱ አንበሳ ግን ዝምተኛ ሆኖ ተገኘ። ከገደሉ ወዲያ እያደነ ይበላል፤ ወደ ቀጋ ሜዳ ዞሮም አያይም። እንስሳው ምን ያድርግ፣ ፍርሃቱ ለቀቀው። የገዛውንም ቀንድ ከራሱ ላይ እያወለቀ ጥሎ ረሳው። አያ ጅቦ ሾላው ሥር ዝንቡን እሽ እያለ መዋል ሆነ ሥራው። በቀንዱ ክምር ላይ ሸረሪት አደራበት።

አህያዋ አንድ ቀን በዚያ ስታልፍ «አያ ጅቦ፣ ገበያ እንዴት ነው?» አለችው።

«ተይኝ እስቲ እመት አህያ! ሰላም ገደለኝ» አለ አያ ጅቦ። «ዝናቡ ደህና፣ ሣሩ ደህና፣ ንጉሡ ዝም። ማን ቀንድ ይገዛኛል?»

አጠገቡ የተቀመጠው ቀበሮ ፈገግ አለ። «አይዞህ አያ ጅቦ። ቀንድ እኮ ብቻውን ተሽጦ አያውቅም፤ መጀመሪያ ፍርሃት መሸጥ አለበት» አለና ሾላው ላይ ወደተቀመጠው ወደ ቁራ ቀና ብሎ አየ።

አህያዋ ነገሩን ከቁም ነገር ሳትቆጥረው ወደ ልጇ ሄደች።

በማግስቱ ጧት ቁራ ጮኸ። ቁራ የቀጋ ሜዳ ወሬ ነጋሪ ነው፤ ጧት ጧት ከሾላው ጫፍ ሆኖ ያላለው ነገር ሁሉ እንዳልሆነ ይቆጠራል።

«ስሙ! ስሙ! ንጉሡ የቀንድ ንግድን በአዋጅ ሊያግድ ነው! ንግዱ በታገደ ማግስት የቆላ ተኩላዎች ሊለቀቁባችሁ ነው! ቀንድ የሌለው ወዮለት!»

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! ወሬ እግር ካወጣ መች ይያዛል? ጦጢት ቀንድ ላልበቀለባት ለፍየል ስትነግራት ተኩላዎቹ ወንዙ ዳር ደርሰው ነበር። ፍየል ለእመት በግ ስትነግራት ወንዙን ተሻግረዋል። እመት በግ ለጠቦቶቿ ስትነግራቸውማ ተኩላዎቹ እሳት ይተፉ ጀመር። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሾላው ሥር መቆሚያ ጠፋ። «ለእኔ! ለእኔ!» እየተባለ ግፊያ ሆነ።

አያ ጅቦም ዋጋውን ለውጦ ጠበቃቸው። ድሮ አጥንት ወይም የቆየ ቁርበት ነበር የሚቀበለው። አሁን ግን ለአንድ ቀንድ ከአጥሩ አንድ ሸክም እሾህ ብቻ።

«እንዲህም ያለ ርካሽ አለ እንዴ!» አለች ፍየል፤ ሮጣም የድርሻዋን ነቀለች። ሌላውም ተከተላት። ሲመሽ ቀንድ ያላሰረ ከአህያዋና ከበሬው በቀር አልነበረም። አጥሩ ደግሞ ጥርሱን እንዳወለቀ ልጅ ወለል ብሎ ቀረ።

አህያዋ ክፍተቱን ዞራ ዞራ አየችው። ያ ሁሉ እሾህ እኮ በእሷ ጀርባ የመጣ ነው!

«ምነው እመት አህያ፣ ለልጅሽ አታዝኚለትም?» አለቻት እመት በግ፤ ግንባሯ ላይ ያሰረችው የድኩላ ቀንድ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ። «ተኩላ ሲመጣ በምን ልትከላከዪለት ነው?»

«በባሏ ይሆናላ!» አለች ፍየል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም?»

«ባሌ ባያስጥል አጥሬ ያስጥላል!» አለች አህያዋ።

እንዲህ ትበል እንጂ ፈርታለች። የወለደ ሆድ መች ያስተኛል? ልጇን ከሆዷ ሥር ይዛ ስትገላበጥ አድራ ጧት ውርንጭላዋን አስከትላ ሾላው ሥር ደረሰች።

አያ ጅቦ ሲያያት ዘሎ ተነሳ። የበሬ ቀንድ አንስቶ በሁለት ጆሮዎቿ መካከል በሐረግ አሰረላት። «ውይ እንዴት አማረብሽ! ንግሥት መሰልሽ እኮ!» አለ። ቀንዱ ወዲያው ተንሸራቶ አንድ ዓይኗን ከደነው።

በቀረው ዓይኗ ግን ደህና አድርጋ አየች። አያ ጅቦ ቀንዱን አያይም። እሷንም አያይም። ውርንጭላዋን ነበር የሚያየው፤ ለሃጩ ደግሞ መሬቱን አርሶታል።

«ዋጋው ምንድን ነው?» አለችው ቀስ ብላ።

«ላንቺማ ቅናሽ አለ። የበሩን መዝጊያ እሾህ ብቻ!»

«እሾህ ምን ያደርግልሃል? አትበላው፣ በረት የለህ አታጥረው።»

አያ ጅቦ ጭንቅላቱን አከከ። እውነቱን ነው፣ ጠፋበት። «አንተ ቀበሮ፣ ምን ያደርግልኛል ነበር ያልከኝ?»

«ማገዶ!» አለ ቀበሮ ከኋላ ቸኩሎ። «ማገዶ ነዋ! ብርድ ገብቶ የለ?»

አህያዋ ራሷን ነቅነቅ ስታደርገው ቀንዱ መሬት ላይ ዱብ አለ። «የማላውቀውን ቀንድ ተሸክሜ የማውቀውን አጥር አላፈርስም!» አለችና ልጇን እየገፋች ተመለሰች። አንገቷም አልታጠፈም።

በሩ ጋ ስትደርስ እነፍየል የበሩን መዝጊያ ሊነቅሉ ጎንበስ ብለው አገኘቻቸው። ሁለተኛ ቀንድ አምሯቸዋል። «አንድ ቀንድ ብቻውን ያስቃል፤ የእኛ ድርሻ ደግሞ አልቋል» አለች ፍየል ያለ እፍረት።

አህያዋ በሩ ላይ ተገትራ በሙሉ ድምጿ አናፋች።

«በሕግ አምላክ!»

በሕግ አምላክ ከተባለ ቆሞ የማይሰማ የለም። ፍየል እሾኹን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«አውጫጭኝ ይቀመጥልኝ!» አለች አህያዋ። «ይህ ወሬ ከማን አፍ እንደወጣ ይታወቅልኝ። ከታወቀ በኋላ እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ በሩን በራሴ ጥርስ ነቅዬ እሰጣችኋለሁ።»

አውጫጭኝ የአያት የቅድመ አያት ልማድ ነው። አገር ምድሩ ይሰበሰባል፤ እውነቱ እስኪወጣ ማንም አይሄድም፣ ማንም እህል ውኃ አይቀምስም። የቀረ ደግሞ ጥፋተኛ ነው። ስለዚህ አያ ጅቦም፣ ቀበሮም፣ ቁራም ሳይወዱ መጡ። ሾላው ሥር አያ በሬ በዳኝነት ተቀመጠ።

«እመት በግ፣ ከማን ሰማሽ?»

«ከፍየል።»

«ፍየልስ?»

«ከጦጢት።»

«ጦጢትስ?»

«ከቁራ ነዋ! ሌላ ከማን እሰማለሁ?»

ሁሉም ወደ ቁራ ዞረ። ቁራ ላባውን አበጠረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «የነገረኝ የታመነ ነው። ስሙን ግን አልናገርም፤ የወሬ ነጋሪ ወግ አይፈቅድልኝም» አለ።

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች አህያዋ። «ንጉሥ አዋጅ ሲያወጣ ነጋሪት ያስጎስማል። ነጋሪት የሰማ አለ?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ።

«ተኩላ በዓይኑ ያየስ?»

እመት በግ አጎንብሳ መሬቱን በኮቴዋ ጫር ጫር አደረገች።

አያ በሬ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀንድ አለኝ» አለ። «አንድም ቀን ግን በቀንዴ ተማምኜ ተኝቼ አላውቅም። የተኛሁት በአጥሩ ነው። በሉ፣ እውነቱ እስኪወጣ እንቀመጥ።»

ተቀመጡ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ቀበሮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጸልይ መሰለ። ሌላው ሁሉ ቻለው። አያ ጅቦ ግን ከጧት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፤ ያውም ያ ውርንጭላ ፊት ለፊቱ ተኝቷል። ሆዱ ጉርርር ሲል ፍየል «ተኩላ መጣ!» ብላ ዘላ ተነሳች።

ፀሐይዋ ጋደል ስትል አያ ጅቦ አልቻለም።

«ኧረ አንተ ቀበሮ!» ብሎ ጮኸ። «አጥሩን በገዛ እጃቸው አፍርሰው ሲጨርሱ እንደ ልብህ ትበላለህ ብለኸኝ አልነበረም? ለቁራው እንኳ ለጩኸቱ ጉበት አስቀድሜ ሰጥቼዋለሁ! እስከ መቼ ልታገሥ?»

ቀበሮ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ወይ አንተ ሆዳም!»

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ስንል ውሻን ብቻ አምተነዋል ለካ!» አለ አያ በሬ ቁራን ሽቅብ እያየ።

አያ ጅቦ ምን እንደተናገረ የገባው ያኔ ነው። ከተጋለጥኩ አይቀር አለና የሾላውን ቃል ኪዳን ረግጦ ወደ ውርንጭላዋ ተወረወረ። እነፍየል አህያዋን ሊያግዙ ሮጡ። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የእመት በግ ቀንድ ዓይኗ ላይ ወረደ፤ የፍየል ጢሟ ላይ ተጠመጠመ፤ እርስ በርስ ተጋጭተው ተዘረሩ።

አህያዋ ቀንድ አልነበራትም። ፊቷን ለልጇ፣ ጀርባዋን ለጅቡ አዞረችና ዕድሜ ልኳን ሸክም ባጠነከረው እግሯ አንድ ጊዜ አቀመሰችው። ጥርሱ ሾላው ሥር ረገፈ። አያ ጅቦ «እርሜ ነው! እርሜ ነው!» እያለ እያነከሰ ወንዙን ተሻገረ። ቀበሮ ከእሱ ቀድሞ የት እንደገባ አልታወቀም። ቁራም ላባውን አራግፎ በረረ።

እመት በግ ቀንዷን ፈታ ጥላ መጣች። «ይቅር በይኝ» አለች።

«ይቅር ብያለሁ» አለች አህያዋ። «አሁን ነይ፣ እሾህ እንሸከም።»

አያ ጅቦ የከመረው እሾህ አንድም ሳይነድ ወንዙ ዳር ተቆልሎ ነበር። ጀርባ ያለው በጀርባው፣ አፍ ብቻ ያለው በአፉ ጎተተ። በዚያ ቀን ያልተወጋ አልነበረም፤ ያጉረመረመ ግን አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አጥሩ ከድሮው ወፍሮ ቆመ። አህያዋም የበሩን መዝጊያ ስባ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አየችውና ደረቷ በኩራት ተሞላ፤ ዛሬ የሁሉም ጀርባ የእሷን ጀርባ መስሏልና።

ንጉሡስ? ንጉሡ ነገሩን የሰማው ከርሞ ነው። «ቀንድ? የምን ቀንድ?» ብሎ ተመልሶ ተኛ አሉ።

ከተጣሉት ቀንዶች አንዱን ብቻ በሩ ላይ ሰቀሉት። ወሬ ይዞ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ቀንዱን ነፍቶ አገሩን ይሰበስባል፤ ከዚያ ከማን እንደሰማ ይናገራል። ሕግ ሆነ።

አንድ ጧት ቁራ ተመልሶ መጣ። አጥሩ ላይ አረፈና «ስሙ! ስሙ!» ሲል ጀመረ። በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ውርንጭላ፣ አሁን እግሩ የጠና፣ አንገቱን ልክ እንደ እናቱ ቀና አድርጎ አየው።

«ከማን ሰማህ?» አለው።

ቁራ ወሬውን ሳይጨርስ ተነስቶ በረረ።

ከዚህ የምንማረው በወሬ ፈርቶ የጋራ አጥሩን እየነቀለ ለብቻው ቀንድ የሚገዛ፣ ለጠላቱ በሩን የሚከፍተው ራሱ መሆኑን ነው።