ቦራ ካልተነሳ

እስቲ ጠጋ በሉ። ተረቴ ረጅም ጅራት አላት፤ ጅራቷን የረገጠ መሀል ላይ ይደናቀፋል።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። አዲስ አበባ ያለው ቤቷ አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱም የሚያየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ከተዳረች ጀምሮ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ቆርቆሮ። ባሏ አስረስ ድንኳን ገዛና «ጣናን በመኪና እየዞርን፣ ዳር ዳሩን እያደርን እንዝናናለን» አላት። እሰየው አለች። የመጀመሪያው ዕለት የድንኳኑን በር ወደ መኪናው አዞረው፤ መኪናዋን ሌባ እንዳይነካት። በማግስቱ ወደ መንገዱ አዞረው፤ መንገዱን ማን እንደሚሰርቀው እሱ ያውቃል። ዛሬ የመጨረሻው አዳር ነው።

«አስርዬ፣ የዛሬውን በር ወደ ውሃው አድርግልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችው።

«ምን ገዶኝ» ብሎ ወረደ። ውሃው ዳር ደረቅ ቦታ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷ ላይ ደግሞ ቦራ፣ የመንደሩ ወይፈን ሁሉ የሚፈራው በሬ፣ ተጋድሟል። አስረስ ቀንዱን አየ። «በሬው ካልተነሳ አልተክልም» አለና ድንኳኑን ታቅፎ መኪናው ውስጥ ተመልሶ ገባ።

ትርንጎ በሬውን «ሂድ» አለችው። አመነዠከ። «ሂድ እንጂ የኔ ጌታ» አለችው። ጆሮውን አራገበ። በሬ የሚነሳው ለሚያውቀው ድምፅ ነው። ስለዚህ ወደ ባለቤቱ፣ ወደ እትዬ አንጓች ጎጆ ወጣች።

«እትዬ፣ በሬዎን ይጥሩልኝ። በሬው ካልተነሳ ድንኳኑ አይተከልም፣ ድንኳኑ ካልተተከለ ሐይቁን አላይም።»

አንጓች ጉልቻው ሥር ተንበርክካ እሳት እፍ ትላለች። «ቦራን? በጠራሁት ነበር። ግን ወጥ ጥጄ እሳቴ ሊጠፋ ነው፤ ማገዶዬ ከባለታንኳው ከዓለምነው ጋር ውሃው ዳር ቀርቷል። እንጨቱ ካልመጣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ደሞስ ቤት ሞልቶ ሜዳ ላይ ማደር ምን የሚሉት ነው? ተጣልታችሁ ነው?»

«ኧረ ለመዝናናት ነው።»

«እሱማ ፊትሽ ላይ ያስታውቃል።»

ትርንጎ ወደ ባለታንኳው ወረደች። «ዓለምነው ወንድሜ፣ እንጨቱን አድርስልኝ። እንጨቱ ካልመጣ እትዬ አንጓች አይጠሩም፣ እሳቸው ካልጠሩ ቦራ አይነሳም፣ ቦራ ካልተነሳ ድንኳኑ አይተከልም፣ ድንኳኑ ካልተተከለ ሐይቁን አላይም።»

ዓለምነው ውሃ የጠጣ የደንገል ታንኳ በትከሻው ደግፎ እንደ ምሰሶ ቆሟል። «በምን እጄ፣ እቴ? ብለቀው ይጨፈልቀኛል። እንዲንጠፈጠፍ የማስደግፈው ዋርካው ላይ ነው፤ ዋርካውን አባ ታከለ ተደግፈውታል። ሽማግሌ ተነሡ ይባላል?»

«እንዲህ የቆምከው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከምሳ ወዲህ» አለ በትሕትና።

ትርንጎ ዋርካው ሥር ሄዳ እጅ ነሳች። «አባቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ። እርስዎ ካልተነሡ ታንኳው አይደገፍም፣ ታንኳው ካልተደገፈ እንጨቱ አይመጣም፣ እንጨቱ ካልመጣ እትዬ አንጓች አይጠሩም፣ እሳቸው ካልጠሩ ቦራ አይነሳም፣ ቦራ ካልተነሳ ድንኳኑ አይተከልም፣ ድንኳኑ ካልተተከለ ሐይቁን አላይም።»

አባ ታከለ ጋቢያቸውን አራገፉ፤ አቧራው ቦነነ። «ይኼን አየሽው? ቅድም አንድ መኪና በፊቴ በረረ። መስኮቱ ድፍን፣ እንደምን ዋላችሁ የለ። ያ ሰው መጥቶ፣ የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ ካላለ አልነሳም።»

ትርንጎ አቧራውን አወቀችው፤ ቅድም ከመኪናቸው ኋላ ሲነሳ በስፖኪዮ አይታዋለች። ወደ መኪናው ተመለሰች።

«አስርዬ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ አንተው ጋ መጣ። አንተ ሰላም ካላልክ አባ አይነሡም፣ አባ ካልተነሡ ታንኳው አይደገፍም፣ ታንኳው ካልተደገፈ እንጨቱ አይመጣም፣ እንጨቱ ካልመጣ እትዬ አንጓች አይጠሩም፣ እሳቸው ካልጠሩ ቦራ አይነሳም፣ ቦራ ካልተነሳ ድንኳኑ አይተከልም። እኔም ዘላለሜን ቆርቆሮ።»

«እኔ የማንም እንግዳ አይደለሁም፤ ቤቴን ይዤ ነው የመጣሁት» አለ ድንኳኑን ጥብቅ አድርጎ።

«እሺ፣ እቀፈው። ሲመሻሽ ጉማሬ ለግጦሽ ይወጣል አሉ፤ እሱም እንዳንተው ሰላምታ አያውቅም።»

አስረስ ወረደ። ዋርካው ሥር ሄዶ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» አለ አንገቱን ሰብሮ።

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ልጄ» አሉ አባ ታከለ። ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ታንኳው ተደገፈ፣ ታንኳው ሲደገፍ እንጨቱ መጣ፣ እንጨቱ ሲመጣ እሳቱ ነደደ፣ እሳቱ ሲነድ አንጓች ብቅ ብላ «ና ቦራ» አለች፣ ቦራ ተነሳ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ በሩም ወደ ውሃው ዞረ።

አስረስ ጎንበስ ብሎ ሊገባ ሲል አባ ታከለ ክርኑን ያዙት። «ወዴት ነው? እንግዳዬን ሜዳ ላይ ጥዬ አገር ይሳቅብኝ?»

«እሷስ?»

«እሷ መች መሸብኝ አለች?»

አንጓች ወጧን ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ከትርንጎ ጋር ልታድር መጣች። ጠዋት ትርንጎ የድንኳኑን በር ስትከፍት ውሃ ነው፣ እስከ ሰማዩ ጥግ ድረስ ውሃ። ቦራም ተመልሶ በሩ ላይ ተኝቷል፤ ግን ከጀርባው በላይ የሚታየው ሐይቅ ይበቃት ነበር። ትክ ብላ አየችው። ፀሐይ ከፍ ስትል አስረስ የቁንጫ ንክሻውን እያከከ መጣና፣ በሬውን ሲያይ ራቅ ብሎ ቆመ።

«እንደምን አደርክ» አለው በሬውን።

ተረቴ እዚህ ታሰረች፤ ሰላምታ የነፈገ ከቁንጫ ጋር አደረ።