ክዳን ስር የተቀመጠው ፌስታል

ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ። አንተ ጥጉን የያዝከው፣ እንቅልፍህን ለኋላ አቆየው። ላወጋችሁ ነው፤ «አውጊን» በሉኝ። ምነው ድምፃችሁ ቀጠነ? እንደገና! እህ፣ እንዲያ ነው።

ድሮ ነው። ላሙም፣ ሞተሩም፣ ፌስታሉም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን ነው። አንድ ፌስታል ነበረ፤ ጥቁር፣ ስስ፣ ማንጠልጠያው የተበጠሰ። ነፋስ ከአጥር አጥር ሲያንከራትተው ኖረ። ፍየል ታኝከውና «ቱ!» ብላ ትተፋዋለች። ደጅ የምትጠርግ ሴት «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ!» ትለዋለች። የኔ ነው ያለው ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ምንውየለት የሚባል የከብት ሐኪም ከመሬት አነሳው። ምንውየለት አንዲት አሮጌ ሞተር ነበረችው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳገት ቁልቁለቱን ያመላለሰችው። የቤንዚን ታንከሯ ክዳን ጎማው አልቆ ዝናብ እያስገባ አስቸግሮታል። ፌስታሉን አጠበ፣ አጠፈ፣ ክዳኑ ስር አስገባና ግጥም አድርጎ ዘጋው።

«በል፣ ጠብታ እንዳታስገባ!» አለው።

«እኔ? ዘበኛ?» አለ ፌስታሉ። ደስታው ልክ አጣ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዘነበ፤ አንዲት ጠብታ አላለፈችም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰው እያለከለከ መጣ። «ዶክተር፣ ድረስ! የእትዬ ጠጂቱ ላም ምጥ ላይ ናት። የጥጃዋ እግር ወጥቷል፣ ጭንቅላቷ ግን ወደ ኋላ ታጥፎ ቀርቷል!»

እትዬ ጠጂቱ ያለቻቸው ያቺው አንዲት ላም ናት። ቤታቸው ደግሞ ሦስት ዳገት ተወጥቶ ነው። ምንውየለት ሻንጣውን አነገተ፣ ሞተሯን አስነሳ፤ «ድድድድ» ብላ ወጣች።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ «ድ... ድ...» አለችና ጸጥ። መርገጫውን ረገጠ፤ እምቢ። ደግሞ ረገጠ፤ እምቢ። የታንከሩን ክዳን ከፈተና ሞተሯን ወዘወዛት፤ ቤንዚኑ ቿ ቿ አለ። «ቤንዚንስ ሞልቷል» ብሎ መልሶ ዘጋ። ከዚያ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ፈታ።

«አንቺ ነሽ!» አላት።

«ኧረ በፈጠረህ!» አለች ካንዴላዋ። «እኔ እሳቴን እየጫርኩ ነው። የሚነድ ነገር አልመጣልኝም እንጂ!»

«ዝም በይ! ጠቁረሻል፣ አርጅተሻል!» ብሎ እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወራት። መለዋወጫ ካንዴላ አሰረ፤ ረገጠ፤ ተነሳች።

«አላልኩም? እሷ ነበረች!» አለ።

አልነበረችም። ታንከሩ ወደ ፌስታሉ ቀና ብሎ አንሾካሾከ። «ወንድሜ፣ አፍኸኛል። ቤንዚኑ ቁልቁል እንዲወርድ ከላይ አየር መግባት አለበት። አሁን የተነሳችው ክዳኑ ሲከፈት ስለተነፈስኩ ነው። ካንዴላዋ ምን አጠፋች? ንገረው።»

ፌስታሉ ፊቱ ጋለ። «ብነግረው ይጥለኛል» አለ በሆዱ። «እንደገና አጥር ላይ? እንደገና የፍየል መጫወቻ? ቆይ፣ ምናልባት ከእንግዲህ አትቆም ይሆናል።» ዝም አለ።

ሁለተኛው ዳገት ላይ «ድ... ድ...» አለችና ጸጥ። ረገጠ፤ እምቢ። ክዳኑን ከፈተ፣ ወዘወዘ፤ ቿ ቿ። «ቤንዚንስ ሞልቷል!» አለና ዘጋ። አሁን ተራው ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር ሆነ።

«ቆሻሻ ውጠሃል!» አለው።

«ምን ቆሻሻ አለ ጌታዬ? ባዶ ሆዴን ነው ያለሁት!» አለ ካርቡራተሩ። የሚሰማው የለም። መሬት ላይ በታትኖ፣ በመፍቻ እየቆረቆረ፣ እፍ እፍ ሲልበት ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ጭነት የያዘች አህያ በዚያ ስታልፍ ቆም አለች። «ዶክተር፣ ዛሬ የብረታ ብረት ገበያ ዘረጋህ እንዴ? እኔ እንኳ ዳገት ለመውጣት አንድ እፍኝ ሳር ብቻ ነው የምጠይቀው» አለችው። 

መልሶ ገጠመ፤ ረገጠ፤ ተነሳች። «አላልኩም? እሱ ነበር!» አለ።

«ንገረው እንጂ!» አለ ታንከሩ።

«አሁንማ በምን ዓይኔ?» አለ ፌስታሉ። «ካንዴላዋ ስትወረወር ዝም ብያለሁ። አሁን ብናገር ያኔ የት ነበርክ አይሉኝም?» አያችሁ፣ ጠዋት ቢናገር የሚያፍረው በአንድ ነገር ነበር። አሁን በሁለት ሆነ። ተሸማቆ ክዳኑ ላይ ይበልጥ ተለጠፈ።

ሦስተኛው ዳገት ላይ የእትዬ ጠጂቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። እዚያ ስትደርስ «ድ...» አለችና ጸጥ። ጠዋት ሊጠራው የመጣው ሰውዬ በአቋራጭ ቀድሞት ደርሶ ከላይ ሆኖ ይጣራል፤ «ዶክተር! ላሟ ተኛች! ማቃሰቱንም ተወችው!»

ምንውየለት ደሙ ፈላ። ሞተሯን በርግጫ አላት። «አንቺ አሮጊት! ነገ ለቁራሌው ካልሸጥኩሽ ምን አለ በሉኝ!»

ሞተሯ አልተቆጣችም። «እውነትህን ይሆናል ልጄ፣ አርጅቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «አሳፈርኩህ፣ ይቅር በለኝ። አንተ ግን በእግርህም ቢሆን ላሟን ድረስላት።»

ያላጠፋችው ይቅርታ ስትጠይቅ ፌስታሉ አላስቻለውም። «እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «አየር የዘጋሁት እኔ ነኝ! ከመጀመሪያው ዳገት ጀምሮ አውቃለሁ!»

ምንውየለት ክዳኑን ሲከፍት ታንከሩ «ፉሽሽ» ብሎ ተነፈሰ። ሐኪሙ ፌስታሉን መዝዞ አወጣ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ትናንት በገዛ እጄ ያስገባሁህ!» አለ። «እስከ ትናንት ደህና ነበረች። ትናንት ምን ነካሁ ብዬ ራሴን ሳልጠይቅ መንገዱን ሙሉ ሌላውን ስሰድብ ዋልኩ!»

ፌስታሉን ኪሱ ከተተ፤ ረገጠ፤ ሞተሯ በአንድ ርግጫ ተነሳች።

ደረሰ። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ላብ በላብ ሆኖ ጥጃዋን አዙሮ አወጣት። አትተነፍስም። አሻት፣ አፍንጫዋን ጠረገ፣ ገለበጣት፤ አትተነፍስም። እናቲቱ ተርፋለች። ጥጃዋን ትልሳለች፣ ታሸታለች፣ ደግሞ ትልሳለች።

«ትንሽ ቀደም ብትሉልኝ» አለች ላሟ።

እትዬ ጠጂቱ ግን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «እናቲቱን አትርፈህልኛል፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው እጁን አስታጠቡት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ኪሱ ውስጥ ያለው ፌስታልማ መግቢያ ጠፋው።

ሲመለስ የሞተሯን ጭቃ በገዛ መሐረቡ ጠረገላት፤ «ይቅር በይኝ» አላት። መጀመሪያው ዳገት ላይ ቆመና ቁጥቋጦው ውስጥ በደረቱ ገባ። እጁ በእሾህ እየተቧጨረ ፈልጎ ካንዴላዋን አገኛት።

«እኔን ወርውረኝ» አለ ፌስታሉ። «እኔ ነኝ እዚህ መጣል ያለብኝ።»

«የለም» አለ ምንውየለት። «እሷን ያዝ።» ካንዴላዋን በፌስታሉ ጠቅልሎ ለመለዋወጫ እንድትሆነው ከሞተሯ መቀመጫ ስር አኖራቸው።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። «አውቀህ ነበር?» አለችው ካንዴላዋ።

«አውቄ ነበር።»

 «እሾሁ ይወጋ ነበር» አለችው። 

ይኸውላችሁ፣ ፌስታሉ ዛሬም እሷን አቅፎ እዚያው አለ። እናንተም ያጠፋችሁትን ሌላው ሲሸከመው ካያችሁ፣ እዚያው የመጀመሪያው ዳገት ላይ ተናገሩ። እፍረቱ እንደሆነ አይቀርላችሁም፤ ሲዘገይ ግን ጥጃ ይዞ ይሄዳል። ተረቴን እዚህ አወረድኩት፤ የሚያነሳው ያንሳ።