ሊጠግኑ የመጡት

አንዲት ሴት ነበረች። ታናሽ ወንድሟን አዝላ ያሳደገች፣ አርባ ዓመት ሞልቶት የከባድ መኪና ሾፌር ከሆነም በኋላ «በልተሃል?» ሳትለው ስልክ የማትዘጋ። እንዲህ ዓይነት እኅት አላችሁ? ካለቻችሁ አምላክን አመስግኑ።

ወንድሟ መንበሩ ሳል ጠናበትና ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሟ መርምራ፣ የሳንባ ካንሰር መሆኑን ለእኅቱ ብቻ ነገረቻት። እኛ እንዲህ ነን አይደል? ክፉ ወሬ ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። «በሞቴ ዶክተር፣ አትንገሪው! ይሰበርብኛል» ብላ ለመነች። ለእሱም «ብርድ ነው የኔ ዓለም» አለችው። እኔ አልፈርድባትም።

ሕክምናው እንዲጀመር ቀጠሮ ተያዘ። መንበሩ ግን «ለብርድ ብሎ ሆስፒታል የሚመላለስ ማነው?» እያለ አንዱን ቀጠሮ ዘለለ፤ ሁለተኛውንም ዘለለ። እኅቱ ሾርባ እየሠራችለት ዝም።

በወሩ ሐኪሟ አስጠራቻት።

«እትዬ አያልነሽ» አለቻት፣ «ሰውነታችን ውስጥ ጠጋኝ ሴሎች አሉ። ቁስል ወዳለበት ሮጠው ይሄዳሉ። ካንሰሩም ቁስል ይመስላቸዋል። ሊጠግኑ ይሄዱና ብዙ ጊዜ መጋቢዎቹ ሆነው ይቀራሉ። የደም መንገድ ያበጁለታል፤ ሊዋጉት የመጡትን የሰውነት ወታደሮች ‹ተዉት› ይላሉ። ክፉ ሆነው አይደለም። ካንሰሩ በደግነታቸው ገብቶ ነው የሚጠቀምባቸው።»

«እኔን ነው የምትዪኝ፣ ልጄ» አለች አያልነሽ።

ቤት ገብታ አጠገቡ ተቀመጠችና ነገረችው። ከቃሏ እንባዋ ቀደመ። መንበሩ እጇን ያዘ።

«አውቃለሁኮ እትዬ! በዚያው ቀን ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ። ማወቄን ካወቅሽ የምትሞቺብኝ መስሎኝ ነው ከሕክምናው የቀረሁት። መድኃኒቱ ፀጉሬን ሲያረግፈው ‹ብርድ ነው› ልልሽ ነው?»

እያለቀሱ ሳቁ።

እዩልኝ ወገኖቼ! ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች አንዱ ለአንዱ ሲሳሳ፣ በመካከል የሚወፍረው ማን ነበር? በሽታው ነበር።

በማግስቱ አብረው ሆስፒታል ሄዱ። ዳነ ወይ ትሉኛላችሁ። ሕክምና ላይ ነው፤ ጸልዩለት።

እናንተስ? የባልሽን ስካር «ራሱን አሞት ነው» እያልሽ የምትሸፍኚ፣ የልጅህን ጥፋት «ልጅ ነው» እያልህ የምታልፍ፣ ክፉዎች ናችሁ አልላችሁም። ክፉ ብትሆኑማ ነገሩ በቀለለ! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ስትሉ ኖራችኋል። የሌላውን በሽታ በፍቅር የደበቀስ?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ለዚያ ለምትወዱት ሰው እውነቱን ንገሩት። ካለቀሰ አብራችሁት አልቅሱ። ከዚያ ግን ተነሡ፤ ወደሚታከምበትም አብራችሁት ሂዱ።